አሮጌውን ዕቃ መልስልኝ

መኪና ኖሮት ጋራዥ የተመላለሰ ሰው ይህችን ዐረፍተ ነገር ሳይላት አልቀረም፤ «አሮጌውን ዕቃ መልስልኝ»። የፍሬን ሸራ ያስቀየረ ሰው ያለቀውን ሸራ በጋዜጣ ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ወስዶ ምን ያደርግበታል? ምንም። ከአልጋ ሥር ይከተዋል፤ አንድ ቀን ሚስቱ ቤት ስታጸዳ ትጥለዋለች። ሰውየው የፈለገው ዕቃውን ሳይሆን ማስረጃውን ነው። መካኒኩ «ቀይሬዋለሁ» ብሎታል፤ እሱ ደግሞ ሞተሩ ሆድ ውስጥ ገብቶ ሊያይ አይችልም። አሮጌው በእጁ ከገባ ግን አዲሱ በቦታው ገብቷል ማለት ነው። መካኒኩ ከሌላ ሰው መኪና የወጣ አሮጌ ዕቃ ሊያስይዘው እንደሚችል አያስብም፤ ወይም አስቦ ይተወዋል። መጠርጠርም ልክ አለው።

እኔም ለብዙ ጊዜ በዚህች ዐረፍተ ነገር ውስጥ ከከተሜ ጥርጣሬ ያለፈ ቁም ነገር አለ ብዬ አላስብም ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ በ2015 ዓ.ም. የካቲት ወር ሐይቅ ከተማ አጠገብ፣ ከአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጬ የሰማሁት ክርክር ነው። የክርክሩ ምክንያት ከሻይ ብርጭቆ የማይበልጥ የአልሙኒየም ቁራጭ ነበር።

ሐይቅ፣ ውኃውም ከተማውም በአንድ ስም ይጠራሉ፣ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከባሕር ወለል በላይ ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ዙሪያው ተራራ ነው፤ ከወዲያ የአምባሰል ሰንሰለት ይታያል። የውኃው ስፋት ሃያ ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከጣና ጋር ሲተያይ ኩሬ ነው ሊባል ይችላል። ጥልቀቱ ግን አያስቀልድም፤ በጥልቁ ቦታ ከ80 ሜትር ይበልጣል። ደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ምድር ዛሬ በእግር ይገባበታል፤ የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባየው ጊዜ ግን ደሴት ነበር። እንግዲህ ዛሬ ጀልባ የሚያስፈልገው ለመነኮሳቱ ሳይሆን ለዓሣ አጥማጁና ውኃው ላይ ዞር ዞር ማለት ለሚፈልገው እንግዳ ነው። ዓሣው ራሱ፣ ቆሮሶ የምንለው፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ከሌላ ቦታ መጥቶ የተጨመረ እንጂ የሐይቁ ነባር አይደለም። ዛሬ «የሐይቅ ዓሣ» ሲባል ማንም ይህን አያነሣም።

ሞተሩ አሥራ አምስት የፈረስ ጉልበት ያለው፣ ከጀልባ ጀርባ በሁለት ብሎን የሚታሰር የጃፓን ሥራ ነበር። ባለቤቱ ሃያዎቹን ያላገባደደ ወጣት ነው። ሞተሩን የገዛው አባቱ ነው፤ ሲበላሽም የፈታውና የገጠመው፣ እስኪሞት ድረስ፣ አባቱ ነው። አባትየው ካረፈ በኋላ የ2014ቱ ጦርነት መጣ፤ እንግዳም ጠፋ፤ ሞተሩም በጆንያ ተጠቅልሎ ጓዳ ገባ። ሥራ ከሚገድለው ሞተር ይልቅ ሥራ መፍታት የሚገድለው ይበዛል። በካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን እንደ ሙጫ ይደርቃል፤ እርጥበት ኩሽኔታውን ይበላዋል፤ የውኃ ፓምፑ የጎማ ክንፍ በታጠፈበት ደርቆ ይቀራል። ወጣቱ ጆንያውን ፈቶ ገመዱን ቢስብ ሞተሩ አንድ ጊዜ አስነጥሶ ዝም አለ። ከዚያ ወደ መካኒኩ አመጣው።

መካኒኩ ዕድሜያቸው ስድሳን የዘለለ፣ የወፍጮም የውኃ መሳቢያም ሞተር ሲፈቱ የኖሩ ሰው ናቸው። ቋንቋቸው እንደ ጋራዥ ሰው ሁሉ ግማሹ የጣሊያን ነው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከአገር ቢወጣም ከሞተራችን ውስጥ አልወጣም፤ ቴስታታ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ቶርኖ እያልን እስከ ዛሬ በጠላታችን ቃል የራሳችንን ብረት እንጠግናለን። ይህም ራሱን የቻለ ወሬ ነው፤ ሌላ ጊዜ እንመለስበታለን።

እኒህ ሰው ቴስታታውን ሳያወርዱ በፊት ካንዴላዎቹን ፈትተው በየቀዳዳው የግፊት መለኪያ እያስገቡ ገመዱን ሳቡ። ይህን ሲያደርጉ የነገሩኝ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። በፋብሪካው መጽሐፍ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ባሕር ዳርቻ ላይ ለሚሠራ ሞተር ነው። ሐይቅ ላይ አየሩ ይሳሳል፤ ግፊቱ የባሕር ወለሉ ሰማንያ በመቶ ገደማ ብቻ ነው። መጽሐፉ 120 የሚለው ጤነኛ ሞተር እዚህ 95 ገደማ ቢያሳይ አልታመመም፤ አገሩ ከፍ ስላለ ነው። አሥራ አምስት ፈረስ የተባለውም እዚህ ሲመጣ አሥራ ሁለት ያህል ይሆናል። «እንግዲህ ሌባ መካኒክ ቢሆን፣» አሉኝ፣ «መለኪያውን ያሳይህና ‹ይኸው ሞቷል› ይልሃል። ቁጥሩ እውነት ነው፤ እሱ ግን ዋሽቷል።» እሳቸው የሚያደርጉት ሁለቱን ሲሊንደሮች እርስ በርስ ማወዳደር ነው። ሁለቱም አንድ አየር ነው የሚተነፍሱት። አንደኛው 90 አለ፤ ሁለተኛው 55 ላይ ቆመ።

ሲፈታ ምክንያቱ ታየ። የሁለተኛው ሲሊንደር ግድግዳ ተቧጥጧል፤ ክብነቱንም አጥቶ ሞላላ ሆኗል። የፒስተኑ ፋሻ ከቦይው ጋር ተጣብቋል። ይህ ዓይነቱ ሞተር ለብቻው የሚጠራቀም ዘይት የለውም፤ የሚጠጣው ከቤንዚኑ ጋር የተቀላቀለውን ነው፤ በአመዛኙ ሃምሳ እጅ ቤንዚን ለአንድ እጅ ዘይት። ስለዚህ ዘይት ሲወደድ ባለጀልባው ዘይቱን ሳይሆን የፒስተኑን ዕድሜ ነው የሚቆጥበው፣ ወይም የቆጠበ የሚመስለው። ፍርዱ ቀላል ነበር። ሲሊንደሩ ደሴ ወርዶ በግማሽ ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ ለሰፋው የሚሆን ባለ ግማሽ ሚሊ ሜትር ጭማሪ ፒስተን ከነፋሻው ይገባል። ሁለቱ እንዲመጣጠኑ ደግሞ ደኅና የሚመስለው አንደኛውም አብሮ ይሰፋል። ቢየላው ላይ ያለው ኩሽኔታ፣ የኮሎው ጎማዎች፣ ጓርኒሲዮኑ በሙሉ፣ የውኃ ፓምፑ የጎማ ክንፍ ይቀየራል።

የመጀመሪያው ክርክር የተነሣው እዚህ ላይ ነው።

«ጋሼ፣ አንደኛውን እንኳ ተዉልኝ» አለ ወጣቱ። «ደኅና ነው ብለው የለ አንቱ ራስዎ? አባቴ እኮ በእጁ የገጠመው ነው።»

«አባትህን አውቀዋለሁ፣ አላህ ይዘንለት» አሉት። «ሐይቁ ግን አያውቀውም።»

ወጣቱ ዝም አለ፤ ተስማማ። የልጁ ጥያቄ የገንዘብ ጥያቄ አልነበረም፤ ለአዲሱ ፒስተን አንድ በግ ሸጧል። የሱ ጥያቄ ሌላ ነው። ሽፋኑ የተቀየረው አባቱ በሕይወት ሳለ ነው። ፕሮፔለሩም የመጀመሪያው አይደለም። አሁን ፒስተኑ፣ ኩሽኔታው፣ ጎማው ሲወጣ የአባቱ ሞተር የቱ ላይ ነው የሚቀረው?

ጥያቄው የቆየ ነው። ፕሉታርክ እንደሚተርከው አቴናውያን ጀግናቸው ቴሴዎስ የተመለሰበትን ባለ ሠላሳ መቅዘፊያ መርከብ ለብዙ ዘመን ጠብቀው አቆይተውት ነበር፤ አንዱ ሳንቃ ሲበሰብስ በሌላ ይተኩት ነበር። ፈላስፎቹም መርከቡ ያው ነው፣ ያው አይደለም እያሉ በሁለት ወገን ተከፈሉ። እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ እ.ኤ.አ. በ1655 ባወጣው መጽሐፍ ነገሩን ይበልጥ አወሳሰበው። አንድ ሰው የተጣሉትን አሮጌ ሳንቃዎች አንድ በአንድ ሰብስቦ እንደ ቀድሞው ቢገጥማቸውስ? ሁለት መርከብ ይኖረናል። የቴሴዎስ የትኛው ነው?

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህ ጥያቄ እንደ እንቆቅልሽ ይቀርባል፤ ተማሪው ይስቃል፤ ፈተና ላይ ይጽፈዋል፤ ይረሳዋል። በኛ ጋራዦች ግን የሆብስ ሁለተኛ መርከብ በየቀኑ ይሠራል። «አሮጌውን ዕቃ መልስልኝ» ያለ ሰው ሁለት ሞተር ይዞ ነው የሚሄደው፤ አንደኛው መኪናው ውስጥ፣ ሌላኛው በካርቶን። ሰብሳቢውም አለ። አዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ የዞረ ሰው፣ በዚህ አገር ላይ ሞቶ የተቀበረ ብረት እንደሌለ ያውቃል። የበርሜል ክዳን ምጣድ ይሆናል፤ የመኪና ጎማ ጫማ ይሆናል። ያለቀ ፋሻም ታጥቦ፣ በነዳጅ ተወልውሎ፣ አንዳንዴም በላስቲክ ታሽጎ አዲስ ይሆናል።

ሁለተኛው ክርክር የመጣው በዚሁ ምክንያት ነው። ከሳምንት በኋላ ሲሊንደሩ ከደሴ ተመለሰ፤ ፒስተኖቹም ከአዲስ አበባ መጡ። መካኒኩ አዲሱን ከመግጠማቸው በፊት አሮጌዎቹን ዕቃዎች በካርቶን ሰብስበው አንድ በአንድ መዶሻ ያሳርፉባቸው ጀመር። ፋሻው ተሰበረ፤ ኩሽኔታው ተጠፈጠፈ፤ የጎማው ክንፍ በቢላ ተቆረጠ። ተራው የፒስተኑ ሲሆን ወጣቱ እጃቸውን ያዘ።

«ይኼን አይሆንም፣ ጋሼ። ይኼን ለራሴ ነው።»

«ማንም ለራሴ ነው ይላል። ነገ ሲቸግርህ ትሸጠዋለህ። የገዛውም ‹ምንም አይልም› ብሎ ይገጥመዋል። ከዚያ መሀል ውኃ ላይ ነክሶ ሲቀር ማን ነው የሚጠየቅ? ወላሂ እኔ ነኝ!»

«እኔን ነው እንዲህ የሚሉኝ?» አለ ልጁ፤ ድምፁ ተቀየረ።

እውነቱን ለመናገር በዚያች ደቂቃ ልቤ ከልጁ ጋር ነበር። ንብረቱ የሱ ነው። ሽማግሌው ገና ላልተሠራ ጥፋት ነው የሚቀጡት፤ ያውም ሐዘንተኛን። ደግሞም ከድህነት ወገን የሚነሣ ክርክር አለ፤ ንቄ አላልፈውም። አዲስ ፒስተን መግዛት ለማይችል ሰው ግማሽ ዕድሜ የቀረው ፒስተን ትልቅ ነገር ነው። አንደኛው ሲሊንደር እኮ 90 ብሎ ነበር! ደኅና ዕቃን በመዶሻ መምታት፣ ምናለሽ ተራ ስንቱን ቤተ ሰብ እንደሚያበላ ለሚያውቅ ሰው፣ ግፍ ይመስላል። አሮጌን አሮጌ ነው ብሎ የሸጠ ሰው ምን በደለ?

ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳስበው ግን አንድ ነገር ሽማግሌውን እንድደግፍ አደረገኝ። አሮጌን አሮጌ ነው ብሎ የሸጠ ሰው ለገዢው እውነቱን ነግሮታል። ጀልባ ላይ የሚቀመጠው ግን ገዢው ብቻ አይደለም። ከደሴ ለሽርሽር የመጡ ሙሽሮች አሉ፤ ዋና የማይችል ልጅ አለ። እነሱ ስለ ፒስተኑ የነገራቸው የለም፤ ቢነገራቸውም አይገባቸውም። መኪና መንገድ ላይ ቢቆም ወርደህ ትገፋለህ። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ተነሥቶ ማዕበሉ ሲያንገላታ፣ ከእግርህ በታች ሰማንያ ሜትር ውኃ ሳለ፣ ምን ትገፋለህ? ጥገና ማለት ለማታውቀው ሰው በሌለበት የምትገባው ቃል ነው። የመካኒኩ ፍርሃት ስለ ልጁ ጠባይ ሳይሆን ዕቃው ከልጁ እጅ ከወጣ በኋላ ታሪኩን የሚናገርለት ሰው ስለማይኖር ነው። ፒስተን አፍ የለውም።

እንግዲህ ሞተሩ «ያው ነው ወይስ ሌላ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያለው ብረቱ ውስጥ አይመስለኝም። በማግስቱ ገዳሙን ለመሳለም ሄጄ ሳለ ይኸው ነገር ይከነክነኝ ነበር። ደብረ ሐይቅን በ13ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ አቡነ ኢየሱስ ሞአ መሠረተ ገዳም አድርገው ካቋቋሙት ጀምሮ መነኮሳቱ ስንት ጊዜ ተተኩ? ደሴቱ እንኳ ደሴት መሆኑን ትቷል። ገዳሙ ግን ያው ነው፤ ማን ከማን እንደ ተቀበለ የሚቆጠር ስለሆነ። አቡነ ኢየሱስ ሞአ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል፣ እ.ኤ.አ. በ1280/81 የተጻፈው፣ ለዛሬ ታሪክ ጸሐፊዎች ትልቅ ምንጭ ነው። በአገራችን የብራና መጻሕፍት አንድ የምወደው ነገር አለ። ብራናው ሲፋቅ ወይም ሲወጠር የተቀደደ እንደ ሆነ ፋቂው በጅማት ወይም በክር ይሰፋዋል፤ ጸሐፊውም ስፌቱን እያለፈ ይጽፋል። ስፌቱን ለመደበቅ የሚደክም የለም። ከስንት መቶ ዓመት በኋላ ገልጠህ ስታነብ፣ እዚህ ጋ ተቀድዶ ነበር፣ እዚህ ጋ ተሰፍቷል ትላለህ። መጽሐፉን የበለጠ ታምነዋለህ እንጂ አትጠራጠረውም።

ወሎ ላይ ተቀምጦ ስለ ቅኝት ሳያነሡ ማለፍም ነውር ይሆናል። ክራር ክሩ ድሮ ጅማት ነበር፤ ዛሬ ናይሎን ነው፤ ክሩ በተበጠሰ ቁጥር ይቀየራል። አምባሰል ብለህ ከቃኘኸው ግን አምባሰል ነው። ማንም «የቀድሞው ክር የት ሄደ?» ብሎ አይጠይቅም። ነገር ግን ክር የቀየረ ሁሉ ዳግም መቃኘት አለበት፤ አዲስ ክር ቅኝቱን ይዞ አይመጣም። ሞተርም እንዲሁ ነው። አዲስ ፒስተን የገባለት ሞተር በብዙ ሞዴሎች ለመጀመሪያዎቹ አሥር ሰዓታት ዘይቱ ይበዛለታል፤ ለሃያ አምስት እጅ አንድ እጅ። ሙሉ ጉልበቱንም ቶሎ አይጠየቅም፤ ፋሻውና ግድግዳው እስኪላመዱ ድረስ ዝግ ይባላል። ይህን ያላደረገ ሰው አዲሱን ዕቃ በአንድ ቀን አሮጌ ያደርገዋል።

ወደ ዛፉ ሥር ስመለስ ነገሩ በርዶ አገኘሁት። ሽማግሌው መዶሻቸውን አስቀምጠው ሞረድ ይዘዋል። ፒስተኑን በጉልበታቸው መሀል አጣብቀው ፋሻ የሚቀመጥባቸውን ቦዮች በአንድ በኩል ከላይ እስከ ታች እየሞረዱ አንድ ያደርጓቸዋል። ከእንግዲህ በዚያ ፒስተን ላይ ፋሻ አይቀመጥም፤ ፋሻ የሌለው ፒስተን ደግሞ ሲያዩት ፒስተን ነው እንጂ ሥራ የለውም። ልጁ አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ ያያል። ይህን መላ ማን እንዳመጣው አልጠየቅሁም። ሲጨርሱ ብናኙን በትንፋሻቸው እፍ አሉትና ሰጡት። እሱም በሸሚዙ ጠርጎ ኪሱ ከተተው። አዲሱ ከመገጠሙ በፊት ደግሞ ሽማግሌው በሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ በምስማር ጫፍ ቀኑንና «0.50» የሚል ቁጥር ጫሩ። ለማን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ «ለሚመጣው መካኒክ» አሉኝ። እሳቸው ያኔ እንደማይኖሩ የታወቀ ነው።

በበርሜል ውኃ ውስጥ ሲሞከር በአራተኛው ስበት ተነሣ። ብዙ አጨሰ፤ ዘይቱ በዝቶ ስለ ነበር ያ የሚጠበቅ ነው። ሁላችንም ግን የምናየው ጭሱን አልነበረም። ከሞተሩ ጎን እንደ ሽንት የምትቀጥን ውኃ ትወጣለች፤ ፓምፑ እየሠራ፣ ሞተሩም እየቀዘቀዘ ለመሆኑ ምልክቷ እሷ ናት። መጀመሪያ ጠብ ጠብ አለች፤ ከዚያ ቀጥ ብላ ወረደች። ልጁ መዳፉን ዘርግቶ ሙቀቷን ለካ። ሽማግሌው «ይቺ ስትቆም አጥፋው፤ ሰበብ አትፈልግ፤ መቅዘፊያም ሳትይዝ እንዳትወጣ» አሉት።

ከሁለት ወር በኋላ ስልክ ደውዬለት ነበር። ሞተሩ ደኅና ነው፤ ጠዋት ጠዋት ብርድ ላይ ትንሽ ያስቸግራል። የፋሲካ ሰሞን እንግዳ መጥቶ ነበር። ስለ ፒስተኑ ጠየቅሁት። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጦ ነበር፤ የመጣ እንግዳ ሁሉ የሲጃራ መተርኮሻ እየመሰለው ስላስቸገረ እናቱ ዳንቴል አልብሳ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አድርጋዋለች።